ያገለገለው ሲሊንደር

በሰፈሩ የሚያውቋት ሁሉ «ብረቷ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ከሱቋ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰነው ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ያወጣላትም ቁልፍ ቀራጭ ስለሆነች ብቻ አይደለም። በሠላሳ ዓመት ጉርብትና ውስጥ ስትስቅ ያያት አንድ ጊዜ ነው፤ ስታለቅስ ግን ከቶ አላያትም። ጠዋት መዝጊያዋን ስታነሣ፣ እርሱ በአንድ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽሩን እንደ ሰካ፣ «ብረቷ፣ ዛሬስ ዘይት ቀመስሽ ወይስ እንደ ዛግሽ ነው?» ይላታል። እርሷም ቀና ሳትል፣ «አንተ የሰው ሰዓት አስተካክል፤ የራስህስ ወደ ኋላ ቀርቷል» ትለዋለች። ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ድረስ እያንዳንዱ በየሥራው ያቀረቅራል።

ሱቋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመበት ሦስተኛው ደጅ የሚቀርበት ጠባብ ክፍል ነው። በቀኝ ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ፣ በግራ መቅረጫው፣ ከጀርባዋ ደግሞ ገና ጥርስ ያልወጣላቸው ቁልፎች በሚስማር ላይ ተንጠልጥለዋል። ሙያውን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። ጥቂት የሚናገሩ፣ የተናገሩትንም የማይደግሙ ሰው ነበሩ፤ ከሁሉ አስቀድመው ያስጠኗት ሕግም «ቁልፍና ስም አንድ ቦታ አያድሩም» የሚል ነበር። ቁልፍ የሰረቀ ሌባ ቤቱን ካላወቀ በእጁ ያለው ቁራጭ ብረት ነው፤ ስም የተጻፈበት ቁልፍ ግን በሩን አጋምሶ ከፍቷል። ስለዚህ በሱቋ ውስጥ ስም የተለጠፈበት፣ ቁጥር የተጻፈበት፣ ምልክት የታሰረበት አንድም ዕቃ የለም። ብረቷ ይህን ሕግ አንድ ቀን እንኳ ሳትጥስ ኖራለች፤ ጉዳቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ከሱቁ ሥራ ሌላ፣ ላለፉት ዐሥራ አንድ ዓመታት፣ ባሎቻቸው የሚደበድቧቸውን ሴቶች ለሚረዳ አንድ የሰፈር ማኅበር በነጻ ስታገለግል ቆይታለች። ማኅበሩ ባለ ሁለት ክፍል ቢሮና አንዲት ጸሐፊ አለው፤ ለእያንዳንዷ ሴት አዲስ ሲሊንደር፣ ማለት ቁልፉ የሚሰካበትን የበሩን የነሐስ ሆድ፣ ለመግዛት ግን አቅም የለውም። ዘዴውን የፈጠረችው ራሷ ብረቷ ናት። ከአንዷ በር የተነቀለው ሲሊንደር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይከርማል፤ በሌላ ሰፈር ለምትኖር ለሌላዪቱ ይገጠማል። ያኛው ባል የያዘው ቁልፍ በዚህኛው ሰፈር ምን ያደርግለታል? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ለጥንቃቄ፣ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ሆድ ከፍታ ውስጡ ያሉትን ፒኖች፣ ማለት የቁልፉን ጥርስ የሚለኩትን ትናንሽ ዘንጎች፣ ትለዋውጥ ነበር፤ ያን ጊዜ የድሮው ቁልፍ ፈጽሞ አያዞረውም። ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃል። ኋላ ኋላ ተወችው። የተወችበትን ቀን አታስታውሰውም። አዲስ ቁልፍ ትቀርጽና፣ ሲሊንደሩን ገጥማ፣ ቁልፉን ለሴትዮዋ አስረክባ ትመለሳለች። ሴትዮዋ ብታወራ ትሰማለች፤ ዝም ብትል አትጠይቅም። የተሰነጠቀ መዝጊያ፣ በቡጢ የጎደጎደ በር፣ ደም የነካው መጋረጃ ሁሉ ለእርሷ የሥራ ቦታ ነው።

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። ወጣት ሳለች ታላቅ እህቷ ከባሏ ሸሽታ ሦስት ጊዜ እርሷ ዘንድ መጥታ ነበር። በሦስተኛው ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ «ጎጆ ይፈርሳል፣ ልጆች ይበተናሉ» አለ፤ ብረቷም እህቷን በገዛ እጇ ይዛ፣ መንገዱን ሁሉ እያባበለች፣ እስከ ባሏ ደጅ ድረስ መለሰቻት። በሩን ያንኳኳችውም እርሷ ናት። እህቷ ያን ክረምት አልዘለቀችውም። ከቀብሩ መልስ ብረቷ ሱቋን ከፍታ ሰባት ቁልፍ ቀረጸች፤ አንዱም አልተበላሸባትም።

ዓርብ ዕለት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አንድ ሰው ወደ ሱቁ መጣ። ሸሚዙ በወጉ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ነው። ሰዓት ጠጋኙ በዚያን ጊዜ ከደጅዋ ቆሞ ክብሪት ይለምናት ነበር።

«እናቴ፣ ይቺን ቢቀርጹልኝ» አለ ሰውዬው፣ ቁልፍ እያቀበላት። «አንገቷ ላይ ተሰንጥቃለች። በር ውስጥ ተሰብራ ብትቀር ጣጣ ነው።»

«የቤት ናት የሱቅ?» አለ ሰዓት ጠጋኙ፤ ያልጠየቁትን መጠየቅ ልማዱ ነው።

«የሚስቴ» አለና ሳቀ። «አኩርፋ ወጥታ ክፍል ተከራይታለች። የት እንደ ሆነ የሚነግረኝ ጠፍቶ፣ ከማተሚያ ቤቱ ስትወጣ ተከትዬ ደረስኩባት። ታዲያልህ ትናንት፣ እሷ ሳትኖር፣ በሯ ላይ ቆሜ፣ እስቲ ብዬ የድሮ ቤታችንን ቁልፍ ብሰካው ዞረ! ሌላ ሰፈር፣ ሌላ በር!»

«አትለኝም!»

«አምላክ ያጣመረውን ቁልፍ ቀራጭ አይለየውም አልኩ።»

ሰዓት ጠጋኙ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እሺ፣ ታዲያ ቤቷ ገባህ?»

«ባዶ ቤት ምን ልሠራ? ዛሬ ግን ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ቀድሜያት እገባለሁ። እሷ ስምንት ላይ ስትመጣ ቁጭ ብዬ ታገኘኛለች።»

ብረቷ ቁልፉን ወደ ብርሃኑ አነሣችው። የቁልፍ ጥርስ ለእርሷ እንደ ፊደል ይነበባል፤ ጥልቅ፣ መካከለኛ፣ ጥልቅ፣ ሁለት ግልብ። እነዚህኑ ጥርሶች ባለፈው ማክሰኞ፣ ለአንዲት በማተሚያ ቤት መጽሐፍ ለምትጠርዝ ሴት፣ በገዛ እጇ ቀርጻቸዋለች። ያቺው ሴት ከስምንት ወር በፊት ባሏን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቤት ባስወጣች ጊዜ፣ የዚያን ቤት ሲሊንደር የነቀለችው ራሷ ብረቷ ነበረች። ሰውዬው መስኮት እየሰበረ ቢያስቸግራት ጠራዧ ያንን ቤት ለቃ ወጣች፤ በአዲሱ ክፍሏም የገዛ የድሮ ሲሊንደሯ ተገጠመላት። በቆርቆሮው ውስጥ የማን መሆኑን የሚናገር ምልክት አልነበረም።

ብረቷ ጥርስ የሌለው ቁልፍ ከሚስማሩ አወረደች። ከናሙናው ቀርጻ ሦስተኛውን ጥርስ በአንድ የሞረድ ምት ከልኩ አሳለፈችው፤ ቁልፉ ይገባል፣ አይዞርም። ዋናውን በሞርሳው አጥብቃ አንገቱን ሰበረችው።

«ተሰበረ» አለች።

«ይቅር፣ እናቴ። አዲሷ አለች» ብሎ አመስግኖ ሄደ።

ብረቷ ከመደርደሪያው ከነማሸጊያው አንድ አዲስ ሲሊንደርና ካቻቢቴዋን አነሣች።

«ሱቁን እይልኝ።»

«ወዴት ነው በዚህ ሰዓት?»

«በር ልቀይር።»

«የማንን?»

«አሁን የሳቅህበትን።»

ሰዓት ጠጋኙ የለመናትን ክብሪት መልሶ አስቀመጠና ደጅዋ ላይ ቆመ።

ጠራዧ ከማተሚያ ቤቱ ስትጠራ እጇ ላይ ሙጫ እንዳለ ወጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ብረቷን ከበሩ ላይ ባየች ጊዜ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምን ሆኑ፣ እትዬ?»

«ባልሽ ቤትሽን አውቆታል። ቁልፍም ነበረው።»

«ቁልፍ? ከየት አመጣው?»

«መጀመሪያ በሩን እንቀይር። እየሄድን ለጸሐፊዋ ደውዪላት።»

ክፍሉ በሁለተኛው ፎቅ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ በመስኮቱ ላይ በብርጭቆ የተተከለ ቅጠል። ጠራዧ በሦስት ቀን ውስጥ ግድግዳውን እስከ ግማሹ ድረስ ነጭ ቀብታው ነበር። ብረቷ የማክሰኞውን ሲሊንደር ነቅላ አዲሱን ስታስገባ ዐሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ብሎኑን አጥብቃ ሳትጨርስ ከደረጃው ላይ የጫማ ኮቴ ተሰማ።

ቁልፉ ከውጭ አፉን ፈለገ፤ አዲሱ ሲሊንደር ጨርሶ አላስገባውም። ገፋ፣ ገለበጠው፣ እንደ ገና ገፋ። ካቻቢቴው በብረቷ እጅ፣ ብረቷም በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ፊቷ ከቀዳዳው አንድ ስንዝር ርቆ ነበር። ሰውዬው በዝግታ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ፣ «ቆይ ግድ የለም» አለ። ከዚያም በሩን አንድ ጊዜ በመዳፉ መታውና ወረደ።

ጠራዧ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም።

ጸሐፊዋ እያለከለከች ስትደርስ ሰውዬው ከሄደ ሩብ ሰዓት ሆኖት ነበር። «ለፖሊስ አመልክቻለሁ፤ ትእዛዙን ጥሶ መጥቷልና ይይዙታል። አንቺ ግን ዛሬ እዚህ አታድሪም፤ በሩን ለምዶታል። ለመሆኑ ቁልፉን ማን ሰጠው?»

«እኔ» አለች ብረቷ። ከዚያም ቆርቆሮውን፣ የአባቷን ሕግ፣ የተወችውን የፒን ሥራ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ተናገረች። ድምፅዋ የዕቃ ዝርዝር የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር።

ጸሐፊዋ ግንባሯን ያዘች። «ይህ ነገር ከዚህ ክፍል አይውጣ። ማኅበሩን ይዘጉብናል። ሌሎቹ በሮች እስካሁን ምንም አልሆኑም፤ ቀስ ብለን፣ ሳናስደነግጥ...»

«ስንት በር ነው?» አለች ጠራዧ።

«ዐሥራ ዘጠኝ» አለች ብረቷ።

«ሴቶቹ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

ጠራዧ በግማሽ ነጭ የተቀባውን ግድግዳ ተመለከተች። ብረቷ ስድብ ጠበቀች፤ ስድቡ ቢመጣ ምናልባት አንድ ቦታ ይሰማኝ ነበር ብላ አሰበች። አልመጣም።

«እኔ ዛሬ ያመለጥኩት እርሱ አፉን መግታት ስላልቻለ ነው» አለች ጠራዧ። «ሁሉም ለፍላፊ አይደለም። ታዲያ ምን ቁጭ አድርጎዎታል፣ እትዬ?»

ጸሐፊዋ ከቦርሳዋ ደብተሯን አውጥታ የበሮቹን አድራሻ ማንበብ ጀመረች፤ ብረቷ አልጻፈችም፣ በቃሏ ያዘች። ወደ በሮቹ ከመሄዷ በፊት ግን የጠራዧን ፍራሽ አንዱን ጫፍ እርሷ፣ ሌላውን ጸሐፊዋ ይዘው፣ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሊወስዱት በደረጃው አወረዱ። ጠራዧ ቅጠሉን በአንድ እጇ፣ ልብሷን በሌላው ይዛ ከፊታቸው ወረደች።

የመጀመሪያው በር ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል። ቤቱ በአንድ ግቢ ጥግ ነው። ብረቷ አንኳኩታ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ቆመች። ሰንሰለቱን ሳትፈታ በሩን ገርበብ ያደረገችው ሴት ወዲያው አወቀቻት።

«እትዬ! በደኅና?»

«ባለፈው ዓመት የገጠምኩልሽ ሲሊንደር ከሌላ ሴት በር የተነቀለ ነው። የውስጡን ፒኖች መለወጥ ሲገባኝ ሳልለውጥ ገጠምኩት። የድሮው ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ አላውቅም። አሁን ልለውጠው መጥቻለሁ።»

ሴትዮዋ በሰንሰለቱ በኩል ካቻቢቴዋን አየች።

«እስከ ዛሬስ?» አለች።

ሴትዮዋም በሩን መለስ አድርጋ ሰንሰለቱን ፈታች። ብረቷ ደፉ ላይ ተንበረከከች፤ መጀመሪያ የላይኛውን ብሎን፣ ቀጥላም የታችኛውን ፈታችና ሲሊንደሩን አወጣች። ፒኖቹን አንድ በአንድ በመሀረቧ ላይ ደረደረቻቸው። ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃል።