ለኒኒ አርሲህ የሠራሁት ጎተራ

ባንዱንግ ከተማ ሁለት ዓመት አናጢነት ተምሬ ወደ መንደሬ ወደ ቺራንጎን ስመለስ አንድ ውሃ ልክ፣ አንድ ቱንቢና ከሁለቱ የሚከብድ ትዕቢት ይዤ ነበር።

በእኛ አገር ቤቱም አጥሩም ድልድዩም ቀርከሃ ስለሆነ አናጢ ያልሆነ ወንድ የለም። ወረቀት ያለው አናጢ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። በዚህም ምክንያት ይመስለኛል ስድስት ወር ሙሉ ሥራ የሰጠኝ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ኒኒ አርሲህ ሆኑ። ኒኒ የምንለው ለአያትነት ለደረሰች ሴት ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከወንዙ በላይ አራት እርከን የሩዝ ማሳ ያላቸው ሴት ናቸው። የሩዝ ጎተራቸው ጣሪያው አፍስሶ ወለሉ በስብሶ ነበር። መኸሩ ሊደርስ ሦስት ወር ቀርቶታል፤ ዝናቡ ደግሞ ገና ይወርዳል።

«አሁን ቀርከሃ አይቆረጥም» አሉኝ። «ዘንድሮ ሩዜን ወንድሜ ጋ አስቀምጣለሁ። አንተ በበጋ ቁረጥና ኩሬው ጭቃ ውስጥ ቅበረው፤ ለከርሞ ትሠራልኛለህ።»

ለከርሞ ማለት ለእኔ ዘላለም ነበር። «ኒኒ፣ ቀርከሃ እኮ የቀን መቁጠሪያ አያይም» አልኳቸው።

«ነቀዝ ግን ያያል።»

በዝናብ የተቆረጠ ቀርከሃ ውስጡ ጣፋጭ ስለሆነ ነቀዝ እንደሚወደው፣ ጭቃ ውስጥ ከከረመ ግን ጣፋጩ እንደሚለቀው አባቴም ነግሮኝ ነበር። የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ግን «ጥላ ላይ ሦስት ሳምንት ማድረቅ በቂ ነው» ይላል። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ጥድ መሆኑን ልብ ያልኩት በኋላ ነው። ያም ሆኖ አግባባኋቸው። እሺ ያሉኝ ሩዝ ስትሰፍር የወንድማቸውን ሚስት እጅ ስለማያምኑ እንጂ እኔን ስላመኑ አልነበረም።

ጎተራው ሲያዩት ያምር ነበር። አራቱን የእንጨት ምሰሶዎች አልነካኋቸውም፤ አይጥ እንዳይወጣ አናታቸው ላይ የተገጠሙት ክብ እንጨቶችም እንደነበሩ ናቸው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ አዲስ ቀርከሃ ነው። ግድግዳው ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ውጭ ይሰፋል፤ በሯ ከጣሪያው ሥር ያለች ጠባብ መስኮት ብጤ ስትሆን የሚገባው በመሰላል ነው። ወለሉ በአምስት አግዳሚዎች ላይ ተኝቷል። ውሃ ልኬን ሳስቀምጥ አረፋው መሀል ላይ ቁጭ አለ። እኔም ከእሱ ባልተናነሰ አየር ተሞልቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

መኸር ደረሰ። ሴቶቹ ዛላውን እየቆረጡ አሰሩ። የመጀመሪያዋ እስር ነጭ ጨርቅ ለብሳ ጎተራው ውስጥ ተኛች፤ የሩዝ እናት እንላታለን። እናቲቱ ከተኛች በኋላ ሕጉ ጥብቅ ነው። ወንድ አይገባም። ባለቤቲቱም ብትሆን ማክሰኞና ዓርብ አትከፍትም፤ ከገባች ክፉ ቃል አይወጣትም። ሩዙም እስከሚቀጥለው የዘር ጊዜ ወደ ሌላ ጎተራ አይዛወርም፤ እናቲቱ ከመኝታዋ ከተነሳች ዘሩም ተከትሏት ይሄዳል። የኒኒ አርሲህ የዓመት ቀለብም፣ ከእናታቸው የወረሱት ዘርም ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ሁለት ወር እንዳለፈ፣ ሐሙስ ወደ ማታ፣ ጎረቤታቸው ማንግ ጁሃ ከመንገድ ጠራኝ። ማንግ እንደ ጋሼ ያለ ነው፤ ይህኛው ግን ከጋሼነቱ ይልቅ ምላሱ ይበልጣል።

«ኦዲንግ! ጎተራህ ሩዙ ሳይወቀጥ ዱቄት ማውጣት ጀመረ!»

ሮጬ ሄድኩ። ከወለሉ ሥር ቢጫ ዱቄት ተከምሯል። የመሀለኛውን አግዳሚ በአውራ ጣቴ ብጫነው ጣቴ ገባ። ዓይኔን ማመን ስላልፈለግሁ ወለሉን በሜትር ለካሁ፤ ሜትሩም አልራራልኝም። አራት ጣት ወርዷል። ነገ ዓርብ ነው፤ ጎተራው የሚከፈተው ቅዳሜ ነው። እስከዚያ ወለሉ ከወደቀ ሩዙ እርጥብ መሬት ላይ ነው የሚዘረገፈው።

ጎመን ከሚጭነው ሹፌር የመኪና ክሪክ ለምኜ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆምኩት። ዓርብን ሙሉ ከሥሩ ተቀምጬ፣ ወለሉ በጮኸ ቁጥር ግማሽ ዙር ሳዞር ዋልኩ። ማንግ ጁሃ ሩዝና የደረቀ ዓሣ በሙዝ ቅጠል ይዞልኝ መጣ።

«ኒኒ አምስተኛ የአይጥ መከላከያ አስገጠሙ ብዬ ነበር። ለካ አንተ ነህ!»

«ማንግ፣ በናትህ አታስቀኝ፤ ክሪኩ ይንቀሳቀሳል።»

ኒኒ አርሲህም መጡ። አጎንብሰው አዩ፤ አልጮሁም። «ስንት ቀርከሃ ነው የሚያስፈልግህ?» አሉ።

«አምስት፣ ኒኒ። ግን ጭቃ ውስጥ የከረመ መሆን አለበት፤ እሱን ደግሞ አሁን ከየት…»

በአገጫቸው የዓሣ ኩሬያቸውን አሳዩኝ። ማንግ ጁሃ እስከ ደረቱ ገብቶ ስምንት ጥቁር፣ የሚገማ ቀርከሃ ጎትቶ አወጣ። ባላቸው ሊሞቱ ሲሉ የቀበሩት ነው፤ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

«ይሄ እያለ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅከኝ? አስተማርከኝ እንጂ።»

ቅዳሜ በጠዋት ነጭ ሻሽ አስረው ገቡ። እኔ ከሥር አዲሱን አግዳሚ አስገባለሁ፤ እሳቸው ከላይ ሩዙን ገለል እያደረጉ በወለሉ ክፍተት ያስሩታል።

«ኒኒ፣ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ያዙሩት!» አልኩ።

ከዚያ በጠባቧ በር ጭንቅላታቸው ብቅ አለ። «ሁለት ጊዜ? አንተ ቱንቢ ራስ! ሦስት ነው! ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ሦስት ነው ያዞረው!» ጭንቅላታቸው ተመለሰ፤ ከውስጥ እንደ ማር የጣፈጠ ድምፅ መጣ። «ቀጥል፣ ልጄ።»

ሁለተኛውን አግዳሚ ስገፋ እግራቸውን ነካሁት። ብቅ አሉ። «ደንቆሮ! ድንጋይ!» ገቡ። «ምንም አልሆንኩም፣ የኔ ልጅ።» ማንግ ጁሃ አጥሩ ላይ ተቀምጦ ብቅ ያሉበትን ይቆጥራል። «ሰባት! አይዞህ ኦዲንግ፣ አሥር ሳትሞላ ትጨርሳለህ!»

አራተኛው ላይ ክሪኩ ተንሸራተተ። ነቀዝ የበላው አግዳሚ ለሁለት ተሰነጠቀና ወለሉ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

«ኒኒ፣ ይውጡ! ይወድቃል!»

«ሩዜን ጥዬ የት ልውጣ?» አሉ፤ ውስጥ ስለሆኑ በለሰለሰ ድምፅ። ማንግ ጁሃ ከአጥሩ ዘሎ ወለሉን በጀርባው ሊደግፍ ከጎኔ ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልነበረውም። ከላይ ማሰሪያው ሲጠብቅ ይሰማኛል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ቆም አሉ፣ ሦስት። እሳቸው አይቸኩሉም። በመጨረሻ ወለሉን በእግራቸው መቱት። ሸክሙ ከትከሻዬ ላይ ተነሳ።

አምስተኛውም ከታሰረ በኋላ ወርደው የመሰላሉ የታችኛው መርገጫ ላይ ተቀመጡ።

«ሩዜ ተርፏል» አሉ። «አሁን በጋው እየገባ ነው፤ ቀርከሃ ቁረጥና ቅበር። ለከርሞ ግድግዳውን ታድሳለህ። እስከዚያ ከተረፈው የዶሮ ቤት ሥራልኝ።»

«የዶሮ ቤት?» አልኩ፤ ወረቀቴ ትዝ ብሎኝ።

«ነቀዝ ቢገባበት ዶሮዎቹ ይበሉታል።»

ሠራሁላቸው። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ጎተራ ማሠራት የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ሆነ። «ኦዲንግን እንጥራው?» ይሏቸዋል። «ጥሩት፤ ግን ቀርከሃውን ሳላሸትተው እንዳይጀምር» ይላሉ። እኔም ከኩሬ ያወጣሁትን ተሸክሜ በመንደሩ መሀል አልፌ ደጃቸው አቆማለሁ። አፍንጫቸውን አስጠግተው ይምጋሉ። በሚገባ ካልገማ ወደ ጭቃው ይመልሱኛል። እስካሁን ሁለት ጊዜ መልሰውኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ትክክል ነበሩ።