አንሸጥም ያልነው ሞተር

አሁንም በአሶሳ መናኸሪያ በኩል ሳልፍ የናፍጣ ሽታ ድንገት ሲያገኘኝ ቆም እላለሁ። ያ ሽታ ቀጥታ ወደ ሰፈራ መንደራችን ይወስደኛል፤ አባዬ ከጉዞ ሲመለስ ሸሚዙም፣ ፀጉሩም፣ የሚለብሰው ጋቢ እንኳ ሳይቀር ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር፣ እማዬም «ሰው አገባሁ ብዬ መኪና አግብቻለሁ» እያለች ትስቅበት ነበር። ሁለቱም በሕፃንነታቸው ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። አባዬ ለዓመታት የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ በመጨረሻ አንዲት ያረጀች የጭነት መኪና ገዛ፤ ከእሷ በቀር በአካባቢያችን ፍሬ የሚጭኑት መኪኖች ሁሉ አቶ ደምሴ የሚባል ነጋዴ ንብረት ነበሩ፣ በእነሱ ለሚጭን ሰው የማንጎውን ዋጋ የሚቆርጠውም እሱ ነበር።

ማንጎ በሚደርስበት ወር፣ ሙቀቱ ሲከፋ፣ መንደርተኛው ፍሬውን በእኛ መኪና እየጫነ የተሻለ ገበያ ወዳለበት ይልክ ነበር። አንድ ሚያዝያ ላይ ግን አባዬ ከባምባሲ ወዲያ ያለውን ዳገት እየወጣ ሳለ የራዲያተሩ የውሃ ጎማ ፈነዳበት። ማንጎው እንዳይበላሽ ሰግቶ፣ ሞተሩ እየጋለ ትንሽ ቢነዳት፣ መኪናዋ ነጭ ጭስ ተፍታ ቀጥ አለች። የሞተሩን አናት የሚከድነው፣ መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት ከባድ ብረት ተሰንጥቆ፣ ውሃው ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ማንጎው እዚያው በሰበሰ፣ መኪናዋም እየተጎተተች ግቢያችን ገባች።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ደምሴ መጣ። መኪናዋን ዞሮ አይቶ፣ ጎማዋን በጫማው ነካ ነካ አድርጎ፣ «ይቺ ከእንግዲህ ብረት ናት፤ በብረትነቷ እኔ ልውሰድላችሁ» አለ። አባዬ አንገቱን ደፋ። እማዬ ግን የያዘችውን ባልዲ አስቀምጣ ቀና አለች።

«መኪናችን ታመመች እንጂ አልሞተችም። አንሸጥም።»

«ታዲያ የከርሞውን ማንጎ በምን ልታወጡት ነው?»

«በጀርባችን!»

ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሲሆን፣ ሃሩን የሚባል የበርታ ተወላጅ መካኒክ ከከተማ እየመጣ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሞተሩን ብትንትን አድርጎ ፈታው። ፒስተኖቹን በናፍጣ እያጠበ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ይደረድራቸው ነበር፣ ዝናቡም ከላይ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይውል ነበር። አማርኛ አፉን የፈታበት ቋንቋ ስላልነበረ እማዬን «አንተ» እያለ ነበር የሚያዋራት፣ እሷም አንድ ቀን እንኳ አላረመችውም። ሞተሩ ሁለት ቴስታታ ነበረው፤ አባዬ የተሰነጠቀውን ብቻ ቀይሮ መገላገል ሲፈልግ ሃሩን ራሱን ነቀነቀ።

«ሁለቱም አንድ እሳት በልቷል፣ ጋሼ። አንዱ ብቻ ቀየርክ፣ ያኛው መንገድ ላይ ጉድ ያደርግሃል።»

ዝናቡ ሲያባራ ፍለጋው ተጀመረ። አንድ የመለዋወጫ ሻጭ፣ ብርማ ቀለም ተቀብተው የሚያብረቀርቁ ሁለት ቴስታታዎች ይዞልን መጣ። አባዬ ገና ሲያያቸው ወደዳቸው፤ ፊቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲፈታ አየሁ። እማዬ ግን «ቀለሙ ይነሣና ይታይ» አለች።

ሻጩ ተቆጣ። «ሴትዮ፣ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም አላውቅም። ስለማላውቅ ነው ማየት የምፈልገው።»

ሃሩን ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ አነሣ፣ ነጭ ጋዝ አፍስሶበት ቆየና በደንብ ጠራርጎ፣ በላዩ ላይ ጠመኔ አሸበት። ጎረቤቱ ሁሉ ከብቦ ነበር። ቀስ በቀስ በነጩ ጠመኔ ላይ፣ በሁለቱ ቫልቮች መሃል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ብቅ አለ፤ ጋዙ ከስንጥቁ ውስጥ እየወጣ ነበር። ሻጩ ዕቃውን ጭኖ ደኅና ዋሉ እንኳ ሳይል ሄደ።

አባዬ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ «በቃ፣ ለደምሴ እንስጠው፤ ደክሞኛል» አለ። እማዬ አጠገቡ ተቀምጣ፣ በወሎዎቹ ወግ «አብሽር» አለችው። ሃሩንም ቃሏን ተቀብሎ «አብሽር፣ ጋሼ» አለ፤ ቃሉ የሁለቱም አገር ቃል መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

በቶንጎ መንገድ ወንዝ ውስጥ የገባች አንዲት ተመሳሳይ መኪና እንዳለች የነገረን ሃሩን ነው። ባለቤቷን አነጋግረው ሁለቱን ቴስታታዎች ፈትተው ሲያመጧቸው ዝገት የወረሳቸው፣ ተርብ ቤት የሠራባቸው ነበሩ። የሰፈሩ ሰው ሳቀ። ጋዙ ፈሰሰ፣ ጠመኔው ታሸ፣ ሁላችንም ጠበቅን፤ ጠመኔው እንደ ነጣ ቀረ። እማዬ ወደሳቁት ዞር ብላ «እስቲ አሁን ሳቁ!» አለች። አባዬም ብረቶቹን ነቀምት ቶርኖ ቤት ድረስ ወስዶ፣ ከሞተሩ ጋር በደንብ እንዲገጥሙ ፊታቸውን አስልጦ ተመለሰ።

በጋው አጋማሽ ላይ ሞተሩ ተገጥሞ አለቀ። መጀመሪያ ተንተፋተፈ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ጠፋ፤ እንደገና ሲሞከር ግን ግቢው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ተነሣ። አባዬ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ማንጎው ሲደርስ መንደሩ በሙሉ እኛ ዘንድ ጫነ። እማዬ ጋቢና ገብታ ከአባዬ ጎን ተቀመጠች፣ እኔን ጭኗ ላይ አደረገችና «በደምሴ መጋዘን በኩል ሂድ» አለችው።

«መንገዳችን እኮ አይደለም።»

«ዛሬ መንገዳችን ነው። ጥሩንባውንም አትርሳ።»

አቶ ደምሴ በር ላይ ቆሞ ነበር። አባዬ ጥሩንባውን ረዘም አድርጎ ነፋው፣ እማዬም በመስኮቱ እጇን አውጥታ በትሕትና ሰላም አለችው።

አባዬ ካረፈ ቆይቷል። ዛሬ መኪናው በዝቷል፣ የማንጎ ገዢዎችም ከሩቅ እየደወሉ ይደራደራሉ። ባለፈው የእህቴ ልጅ ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች «በዚህ ዋጋ አይሆንም» ብላ ዘጋችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያኔ እኛ ይህንኑ ብለን ለመጽናት ክረምትና በጋ ሞተር ስንፈታና ስንገጥም ከርመናል። ልጅቷ ይህን አታውቅም፤ እኔም እንድታውቀው አላስቸኩላትም። እምቢታ እንዲህ ቀሎ ከአፏ ሲወጣ መስማቱ ይበቃኛል።