የሚያቃጥለው ጠብታ

አዋጅ! ከአስራ ስምንት ማዞሪያ እስከ ቤቴል የምትኖር፣ ዓይን ያለህ ሁሉ ልብ በል፤ አቧራና ጭስ ዓይንህን የደፈነብህም በጆሮህ ያዝ። ሆሳዕና ፀሐዬ የተባለች፣ ታክሲ ስትገባ ጎንበስ ማለት የማያስፈልጋት፣ ነጭ ጋውኗ ቁርጭምጭሚቷን የሚጠርግ ፋርማሲስት ከዛሬ ጀምሮ ቂም የያዘች መሆኗ ይታወቅ። ሽማግሌ እንዳይላክባት። የማለዘቢያ ጥቅስ በስልክ እንዳይላክላት። "ለራስሽ ሰላም ስትይ ይቅር በይው" የሚል ምክር ይዞ በሯን ያንኳኳ ሁሉ እንደ ጠላት ይቆጠራል።

አዋጁን የሰማ ሰው የለም። ባለ አዋጇ ይህን ያወጀችው ፋብሪካው ጓሮ፣ የባዶ ካርቶን ክምር መሃል ቆማ፣ በሆዷ ነበርና።

ፋብሪካው ከቤቴል ወረድ ብሎ፣ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ያለ ትንሽ የመድኃኒት ፋብሪካ ነው። ሲሠራ የኖረው የሳል ሽሮፕና የእከክ ቅባት ነው። አለቆቹ "የዓይን ጠብታም እንጀምር" ብለው በተነሱ ጊዜ ሥራው ለሆሳዕና ተሰጠ። ተሰጠ ማለት ለወጉ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሸሽቶት ለእሷ ተረፈ። ዓይን አመለኛ ነው። ሆድ ያቀመሱትን ይቀበላል፤ ቆዳ የቀቡትን ይሸከማል። ዓይን ግን ገና ጠብታው ሲነካው ይጨፈናል፣ ይርገበገባል፣ ያለቅሳል፣ መድኃኒቱን ጠራርጎ ጉንጭ ላይ ያፈሰዋል። ስንቱ የከተማችን ሰው ጉንጩን ሲያክም ኖሯል!

ሆሳዕና የፈለገችው እዚያው የሚቀመጥ ጠብታ ነበር። ብልቃጡ ውስጥ ሳለ እንደ ውሃ የሚፈስ፣ ከእንባ ጋር ሲገናኝ ግን እንደ ተልባ ወፈር ብሎ ዓይኑ ላይ የሚያርፍ፤ የማይቆረቁር፣ የማያቃጥል፣ መግባቱ እንኳ የማይታወቅ። ይህ ምኞት ከመጽሐፍ አልመጣባትም። አባቷ ጋሽ ፀሐዬ ዕድሜውን ሙሉ አስራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ በር ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። መነጽር ማድረግን እንደ ፈሪነት ስለሚቆጥረው ብልጭታው ሁለቱን ዓይኖቹን አድርቆበታል። በልጅነቷ እናቷ ጠብታ ስታደርግለት የዓይኑን ቆብ ገልጣ የምትይዘው እሷ ነበረች። ጎልማሳው ሰውዬ ወንበር ላይ ሆኖ እንደ በግ ሲራገጥ እያየች ነው ያደገችው።

ሥራው ፈጅቷታል። መጀመሪያ የሠራችው እርጎ መስሎ ቀረ። ቀጥሎ የሠራችው ብልቃጡ አፍ ላይ ረግቶ አልወጣ አለ፤ አፉን አስጠበበች፣ አሰፋች፣ ደግሞ አስጠበበች። አንዱን በራሷ ዓይን ሞክራ ሽፋሽፍቷ ተጣብቆ በአንድ ዓይን ታክሲ ውስጥ ገባች።

"እህት፣ ያኛውን ዓይን ቤት ጥለሽው ነው?" አላት ረዳቱ።

"ያንተ ሁለቱም ተከፍተው እኮ ሰው ላይ ሰው እየጫንክ ነው።"

ታክሲው በሳቅ ተናጋ፤ እሷም በአንድ ዓይኗ ሳቀች። በመጨረሻ ተሳካላት። ጠብታው ገባ፣ ወፈር አለ፣ ተቀመጠ። መጀመሪያ የሰጠችው ለአባቷ ነበር። ጋሽ ፀሐዬ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፤ ጠበቀ፤ ከዚያ ገለጠና "መቼ ልታደርጊልኝ ነው?" አላት።

"አደረግኩልህ እኮ።"

"ይሄ? ውሃ ነው እንዴ ልጄ? መድኃኒትማ ሲገባ ይታወቃል። ያቃጥላል!"

እሷ ሳቀች። አለመታወቁ አይደል የድካሟ ፍሬ?

አሁን ቂሙ ወደ ተያዘበት ሰው እንምጣ። የላብራቶሪው ኃላፊ ጌድዮን ይባላል። ከረባቱ ወፍራም፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ሆሳዕና በምትጸልይበት አዳራሽ ፊተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጥ "ወንድም ጌድዮን" ነው። በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመን ብልቃጥ የነካው አቧራ ለማራገፍ ብቻ ነበር። ከጀርባዋ እያለፈ "እንዴት ነው ሆሲዬ፣ ጌታ እየረዳሽ ነው?" ይላል፤ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። ጠብታው ተሳካ በተባለ ሰሞን ግን ቆሞ ሰማ፤ ደግማ እንድታስረዳው ጠየቃት። በዚያው እሑድ፣ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ተነሳ።

"ወገኖቼ፣" አለ ማይኩን ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ፣ "በጸሎት ላይ ሳለሁ ራእይ አየሁ። ጥርት ያለ ውሃ ነበር። ዓይን ሲነካ ወፈር አለ። 'ይህን ለሕዝቤ ሥራ' የሚል ድምፅ መጣልኝ።"

"አሜን!" አለ አዳራሹ። "ሃሌሉያ!" አለ በረንዳው።

ጠብታውን የሚያወፍረውን ንጥረ ነገር በስሙ ሲጠራ ሁልጊዜ ላብራቶሪ ውስጥ እንደሚሳሳተው ተሳሳተ። ማን ልብ ይለዋል?

የሌብነቱን ረቂቅነት ተመልከቱልኝ። ቦርሳ ቢነጥቃት ፖሊስ አለ። ስብሰባ ላይ "የሠራሁት እኔ ነኝ" ቢል እጅ አውጥቶ መከራከር ይቻላል። ምስክርነት ግን ይግባኝ የለውም። "ወንድም ጌድዮን አላየም" ለማለት ጌታ ለማን ምን እንዳሳየ ማወቅ ሊኖርብህ ነው። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅም እዚያው አዳራሽ ውስጥ "አሜን" ካሉት አንዱ ነበር። ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በሚገባው ማመልከቻ ላይ፣ ጠብታውን የፈጠረው ሰው በሚለው ቦታ፣ የጌድዮን ስም ሊጻፍ ተወሰነ።

ሆሳዕና ቢሮው ገባች።

"ወንድም ጌድዮን፣ ያ በራእይ ያዩት ውሃ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያለው አይደለም እንዴ?"

"ሆሲዬ፣" አላት በርኅራኄ፣ "አንቺ እጅ ሆንሽ፣ እኔ ጆሮ ሆንኩ። በአንድ አካል ውስጥ እጅ በጆሮ ይቀናል?"

"እጁ ሲለፋ ጆሮው የት ነበር?"

"ሲጸልይልሽ።"

ወደ ካርቶኖቹ ክምር የወጣችው ያኔ ነው። አዋጁም ያኔ ታወጀ።

የብቀላው ቀን ሩቅ አልነበረም። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ጠብታው ዓይን ላይ ምቾት እንደሚሰጥ በፈቃደኞች መታየት ነበረበት። ጌድዮን ፈቃደኞቹን በአዳራሹ አብረውት ከሚጸልዩት መረጠ፤ ጭብጨባ ከማያጣበት ቦታ። እሱ ያስተናግዳል፤ ብልቃጦቹን የምታዘጋጀው ሆሳዕና ናት። ጠብታውን ከእንባ ጋር የሚያስማማውን ጨው ቀነሰችና አሲዱን ከፍ አደረገችው። ዓይን አይጎዳም፤ ብርቱካን ሲላጥ ከልጣጩ የሚፈናጠረው ዓይን ውስጥ ሲገባ እንደሚያደርገው ለአፍታ ለብልቦ ይተዋል። እሷ የፈለገችው ያችን አፍታ ነው። ሽማግሎችና አሮጊቶች ዓይናቸውን ይዘው ሲጮሁ፣ ባለ ራእዩ መሃላቸው ቆሞ ሲላብ ማየት። ይህን እያሰበች ብልቃጦቹን ስትሞላ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ፈቃደኞቹ ተደርድረዋል። በመካከላቸው፣ የክት ኮቱን ለብሶ፣ ጋሽ ፀሐዬ ተቀምጧል።

"አባዬ! ማን ጠራህ?"

"ወንድም ጌድዮን ነዋ! 'የሠራተኛችን አባት አይቀርም' ብሎ ደወለልኝ። ትልቅ ሰው ነው።"

አንድ ቃል በቂ ነበር። "ይቅር፣ ብልቃጡ ተበላሽቷል" ብትል ያበቃል። አፏን ከፈተች። ጌድዮን ከፊት ሆኖ "ጌታ ያሳየኝን ዛሬ በዓይናችሁ ታያላችሁ" ሲል ሰማችና መልሳ ዘጋችው።

መጀመሪያ የተቀመጡት እማማ ወርቄ ናቸው፤ በአዳራሹ ውስጥ ሳያዝኑ የሚያለቅሱት፣ ንፋስ ሲነካቸው እንባቸው የሚወርደው አሮጊት። ጌድዮን ብልቃጡን አዘቀዘቀ። ጠብታው ገባ።

"ኡኡ! ኡኡ! ነደድኩ! ዓይኔን!"

ጌድዮን ከከረባቱ በላይ አመድ መሰለ። ሆሳዕና እጇን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ጨብጣ ጠበቀች። እማማ ወርቄ መሬቱን በእግራቸው ደበደቡት፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው አፈኑት፤ ከዚያ ቀና አሉ።

"እሰይ! ገባ! አጥንቴ ድረስ ገባ! ይሄ ነው መድኃኒት! ያ ክሊኒክ የሚሰጡኝማ ለካ የቧንቧ ውሃ ኖሯል!"

ቀጣዩ ጋሽ ፀሐዬ ነበር። ጥርሱን ነክሶ፣ የወንበሩን እጀታ አንቆ፣ እንባው እንደ ጎርፍ እየወረደ፣ "ተመስገን!" አለ። "በል ይሄኛውንም ዓይን ጨምርልኝ! ወንድሜ ጌድዮን፣ ጌታ ዘርህን ይባርክ!" ተነስቶ የጌድዮንን ትከሻ ሳመው። የገዛ ልጁ ከጀርባው ቆማለች።

አዳራሹ በእንባና በሃሌሉያ ተናወጠ። ተራ ያልደረሳቸው "እኛንስ?" እያሉ ተጋፉ። የጌድዮን ፊት ደም መለሰ። ዓይኑ አንድ ጊዜ ብልቃጡን፣ አንድ ጊዜ ሕዝቡን አየና "የመንጻት እሳት ነው!" ብሎ ጮኸ።

በሚቀጥለው ሰኞ የሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ወረደ፤ ልክ እንደዚያ ቀኑ ይሠራ! ጌድዮን ጋውን ለበሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን ጋውኑ ላይ ያለው የመተጣጠፍ መስመር ይመሰክር ነበር። የሆሳዕናን ቀመር ተከትሎ ያወጣው ጠብታ ያው ለስላሳው ሆነና ለእማማ ወርቄ ተላከ። "ተበርዟል" ብለው መለሱት።

"ሆሲዬ፣" አለ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሞ፣ "የዚያን ቀን ብልቃጡ ውስጥ ምን ነበረ?"

"ምን ነበረ?"

"ያቃጥል ነበራ!"

"በራእይዎ ላይ አያቃጥልም ነበር እንዴ?"

"እባክሽ አታሹፊ። ሥራ አስኪያጁ መውጫ አሳጥቶኛል።"

"ታዲያ ምን ቸገረዎት፣ ወንድም ጌድዮን? ይጹሙ፣ ይጸልዩ። አንዴ ያሳየ ሁለተኛ አይነፍግዎትም።"

ጾመም። ከረባቱ አንገቱ ላይ ሰፋ። እየደባለቀ በገዛ ዓይኑ መሞከር ጀመረ፤ አንዱ አስነጠሰው፣ አንዱ አሳከከው፣ አንዱ ሁለቱንም ዓይኖቹን እንደ በርበሬ አቀላቸው። ሆሳዕና ጠዋት ጠዋት በር ላይ ትጠብቀዋለች። "ውይ፣ ዓይንዎ! አቧራ ነው?" ትለዋለች በርኅራኄ። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ሰሞን በሕይወቷ አይታ አታውቅም።

ግን ጣፋጩ ውስጥ ድንጋይ ነበረበት። የሚያቃጥለው የእኔ ነው ካለች ብልቃጥ ያበላሸች ሠራተኛ ናት፤ ሥራዋም ስሟም አብሮ ይሄዳል። የማያቃጥለው የእኔ ነው ብትልስ? እሱን የጠየቀ ሰው የለም።

አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ አባቷ ከቅዳሜው ሙከራ የተሰጠውን ብልቃጥ ገልብጦ ቂጡን ሲመታ አገኘችው። ባዶ ነው።

"ሆሲ ልጄ፣ እባክሽ ያን ሰውዬ ለምኚልኝ። አንድ ብልቃጥ ብቻ።"

"የቱን ሰውዬ?"

"ጌድዮንን ነዋ!"

"አባዬ፣ የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ።"

ጋሽ ፀሐዬ ብልቃጡን አስቀመጠና አባት በልጁ እንደሚያዝን አዘነላት። "አይ ልጄ። ያንቺንማ ሰጥተሽኛል። አይከፋሽ፤ ደህና ውሃ ነው፤ ልፋትሽን አይቻለሁ። ይሄኛው ግን..." ዓይኑን ጨፍኖ ያንን ቃጠሎ አስታወሰና በጥርሱ መሃል አየር ሳበ፤ "ይሄኛውን ሰው ነው የሠራው!"

ሆሳዕና እራት አልበላችም።

እሑድ መጣ። በምስክርነት ሰዓት ጌድዮን ከሁሉ ቀድሞ ተነሳ፤ ከስቷል፣ ዓይኑ ደም ለብሷል።

"ወገኖቼ፣ ጌታ ራእዩን ዘግቶብኛል። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። 'በመካከላችሁ የተደበቀ ኃጢአት አለ' አለኝ። ያ ሰው ራሱን ያውቃል።" ዓይኑን ወደ ኋለኞቹ ረድፎች ላከ። እማማ ወርቄ ጎረቤቶቻቸውን በጥርጣሬ ቃኙ።

ሆሳዕና እጇን አወጣች።

"ምን ልትመሰክሪ ነው?" አላት አባቷ በሹክሹክታ። ሁለት ነገር ምላሷ ላይ ተቀምጧል። አንዱ እውነቱ ነው፤ ጌድዮንን ይዞ ይወድቃል፣ እሷንም ይዞ ይወድቃል። ሌላው የራሷ ራእይ ነው፤ ስለ አንድ ሌባና ስለ ከረባቱ፣ ማንም የማይከራከረው። የትኛው እንደሚወጣ ገና ለራሷም አልነገረችውም፤ ሁለቱም ግን ያቃጥላሉ።

መሪው እጇን አይቶ ፈቀደላት። ጌድዮን ማይኩን ለመልቀቅ ዘገየ፤ ዓይን ሁሉ ስላረፈበት ለቀቀው። ማይኩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ ከረድፍ ወደ ረድፍ ወደ ኋላ መምጣት ጀመረ።

አንባቢ ሆይ፣ መሃለኛው ረድፍ ላይ የተቀመጥከው አንተ ነህ። አሁን ማይኩ እጅህ ገብቷል። ጌድዮን ከፊት ዞሮ "መልሰው፣ መልሰው" እያለ በእጁ ይጠራሃል፤ በፈገግታ፣ እንደ ወንድም። እሷ ከኋላህ እጇን ዘርግታለች። አደራህን፣ ዛሬ እንኳ "አሜን" ከማለትህ በፊት፣ ያን ማይክ —