ጭስ የከለከልሁት ቤት

የሻጋታ ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬም ዝናብ የመታው ጆንያ ባለበት ባለፍሁ ቁጥር አፍንጫዬን ይዤ እሮጣለሁ። ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ የምወቅሰው ሰው እንኳ የለኝም።

ወገዳ ከተማ መምህር ሆኜ ደመወዝ እንደጀመርሁ የወላጆቼን የሣር ቤት ቆርቆሮ አለበስሁት። ቆርቆሮው በአህያ ተጭኖ አቀበቱን ሲወጣ አገሩ ሁሉ አየው። ከማዶ ሲታይ ያብረቀርቃል። እኔም ደረቴ ተነፋና እንደ ሹም ማዘዝ ጀመርሁ፤ ጭስ ቆርቆሮውን ስለሚያጠቁረው ከእንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ እሳት አይነድም አልሁ። ምድጃውን አፍርሼ ለእናቴ ከጓሮ ትንሽ ማድቤት ሠራሁላት። ይህም አልበቃኝ ብሎ የማዳበሪያ ጆንያ አጥቤ፣ ሰፍቼ፣ ኮርኒስ ወጠርሁ።

እናቴ ቀና ብላ ጆንያውን አየችና «ክረምቱንሳ ምን ሊያደርቀው ነው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ይህ እኮ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ አያስገባም» አልኋት። ያን አነጋገሬን ሳስታውስ ራሴን እጸየፈዋለሁ።

የሣሩ ቤት ዕድሜውን ሙሉ ጭስ ሲታጠን ነው የኖረው። ግድግዳው የሚደርቀው፣ እህሉን ነቀዝ የማይደፍረው በዚያ ጭስ እንደሆነ እናቴ ታውቃለች። እኔ ግን ዲፕሎማ ነበረኝ።

ሐምሌ ገባ። በምስማሩ ቀዳዳ የሚወርደው ውሃ ከኮርኒሱ በላይ ስለሚያቁር ማንም አላየውም። ከዚያ በግድግዳው ቀስ እያለ ወርዶ ጥግ የቆመው ጎታ ውስጥ ይሰርጋል። ጎታው የያዘው የዘር ሽምብራ ነበር፤ ዝናቡ ሲያባራ የምንዘራው፣ የዓመት ሽሯችን የሚሆነው። ሌላ ዘር አልነበረንም።

በነሐሴ ለዕረፍት ስመጣ ቤቱ ውሻ የሞተበት ይመስል ይሸታል። ምርጊቱ አረንጓዴ ጸጉር አብቅሏል፤ በጣቴ ስነካው ንፍጥ የመሰለ ነገር ተከተለኝ። ኮርኒሱ እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ተንዘርጥጧል። እናቴ ታስላለች።

«ትንሽ እሳት ላንድድበት?» ብላ ጠየቀችኝ። በገዛ ቤቷ እኔን ማስፈቀዷ ነው። እኔም ቆርቆሮዬን አሰብሁና «በጋ ሲገባ ይደርቃል» አልኋት።

በመስከረም፣ ትምህርት ሳይከፈት፣ አባቴ በሬዎቹን ጠምደው ዘር ሊያወጡ የጎታውን አፍ ከፈቱ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደው ያወጡት ሽምብራ አልነበረም። እርስ በርሱ የተጣበቀ፣ ነጭና አረንጓዴ ጸጉር ያወጣ፣ ትል የሚርመሰመስበት ጓል ነበር። ሽታው ሁላችንንም ወደ ደጅ አባረረን፤ እኔ አጥር ስር አስመለሰኝ። ዶሮዎቹ እንኳ የተደፋላቸውን ጫር ጫር አድርገው ጥለውት ሄዱ።

አባቴ እጃቸውን በአመድ ደጋግመው አሹ። ከዚያ «በሬዎቹን ፍታቸው» አሉኝ።

ማሳችን ያን ዓመት ጦሙን አደረ። ጎረቤት ሁሉ ከማዶ ሆኖ የሚያብረቀርቀውን ጣሪያችንንና ባዶውን ማሳችንን አንድ ላይ ያያል። አፈርሁ፤ ከሁሉም በላይ ግን ራሴው አስጠላሁኝ።

ያን ዕለት በሬዎቹን ፈትቼ ስመለስ እናቴ ኮርኒሱን በማጭድ ስትቀድደው ደረስሁ። የከረመው ጥቁር ውሃ ከበሰበሰ አይጥ ጋር መደቡ ላይ ተዘረገፈ። አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና ጠርጋ ስታበቃ፣ ድሮ ምድጃው በነበረበት ቦታ እሳት አነደደች። አላስፈቀደችኝም።

እናቴ ቤት መጥቼ ስመለስ ሁልጊዜ ሽሮ ቋጥራ ትሰጠኝ ነበር። በዚያ ዓመት ለፋሲካ ግን እኔ ከወገዳ ገበያ ሽሮ ገዝቼ ወሰድሁላት። ቆርቆሮው ከሰል መስሏል፤ ግድግዳው ደርቋል፤ ሳሉም ለቋታል። ፌስታሉን ተቀበለችኝና ፈታችው፤ ከመመረቋ በፊት አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው።