ጥላ የለመደ ነጠላ

ለቡ ገና የጤፍ ማሳ ሳለ፣ ወርቄ ልብስ የምታጥበው ወንዝ ወርዳ፣ እንዶድ ወቅጣ ነበር። ካደገችም በኋላ እጇ ከውሃ አልወጣም፤ ሀና ማርያም አካባቢ «የወርቄ እጥበት» ከተባለ ነጭ በነጭ ማለት ነው። ዘንድሮ ግን ሳሙናውና በረኪናው እጇን ሰነጣጥቀው አደሙት። ሐኪሙ «ማሸት ይብቃዎት» ቢላትም፣ «ነጭ ልብስ ሳይታሽ ይነጣል እንዴ?» ብላ ወደ ሳፋዋ ተመለሰች።

ይህ ያስጨነቃት ልጇ እድላዊት ናት። የምትሠራው የጨርቅ ምርምር ቤት ነው። አንድ ቅዳሜ የእናቷን ነጠላ፣ ዓይን የማያያቸው የማዕድን ቅንጣቶች ባሉበት ፈሳሽ ነክራና አድርቃ አመጣችላት። ከዚያ መሃሉ ላይ ሻይ ጠብ አደረገችበት።

«ወይኔ ነጠላዬ! አበድሽ?»

«እማ፣ እንዳታሺው! ብርሃን ሲያገኛቸው ቅንጣቶቹ ራሳቸው እድፉን ይበሉታል። ከለቀቀ ማሸት ትተያለሽ፤ ቃል ግቢልኝ።»

«ካልለቀቀስ?»

«ሁለተኛ አልጨቀጭቅሽም።»

ወርቄ እየሳቀች ቃል ገባች።

በሳምንቱ እድላዊት ስትመጣ እድፉ እንዳለ ነው።

«ይኸውልሽ፣ ሳሙና የማያውቅ እጥበት!» አለች ወርቄ። የልጇ ዓይን እንባ ማቅረሩን ስታይ ግን ቀልዱ መረራት።

«የት ነው ያሰጣሽው?»

«የት አሰጣዋለሁ? ጓዳ ነዋ! ገልብጬ፣ አንሶላ ደርቤበት። ጥለቱን ፀሐይ ላስበላው?»

እድላዊት ሳቋ አመለጣት። «እማ ሙች፣ አንቺስ! በይ ነይ፣ ወደ ውጭ!»

ጥለቱን ብቻ በጨርቅ ሸፍነው፣ ነጠላውን ሽቦ ላይ አሰጡት። የጥቅምት ፀሐይ ወለል ብላለች። ወርቄ ልጅ ሳለች «ፀሐይ ብርሃንና ሙቀት ትሰጠናለች» እያለች ክፍል ውስጥ በዜማ ደግማለች፤ እጥበት ትችላለች ያላት አስተማሪ ግን አልነበረም። ሲመሽ ቡኒው ወደ ቢጫ ሳስቶ ነበር። እሷም ሳትነካው ሰነበተች።

አንድ ረፋድ ቀና ብላ ብታይ እድፉ የለም። «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። መሃል ላይ የቆነጠጠችውን መቆንጠጫ ስታነሳ፣ ከሥሩ ጥፍር የምታክል የሻይ እድፍ አገኘች። ብርሃን ያልደረሰባት እሷ ብቻ ናት፤ ጠርዟ ልክ የመቆንጠጫው ጠርዝ። ወርቄ እንደ ድንገተኛ እንግዳ ትክ ብላ አየቻት።

እጇ በልማዱ ወደ ሳሙናው ሄደ። መለሰችው። መቆንጠጫውን ፈቀቅ አደረገችና በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ የተሰነጣጠቁ እጆቿን ጭኗ ላይ አኑራ፣ ፀሐይን ስትሠራ ታያት ጀመር።