ሦስተኛው ሞክሼ

በፍራንክፈርት አንድ ስም ያላቸው ሁለት ወዳጆች አሉኝ። ስሙን አልጽፈውም፤ በየሰፈሩና በየመማሪያ ክፍሉ አንድ ሁለት ሰው የማይጠፋለት ስም ነው። እርስ በርሳቸው «ሞክሼ» ይባባላሉ። እኛ ደግሞ ለመለየት በሚኖሩበት ሰፈር እየጠራን አንዱን የዚንድሊንገኑ፣ ሌላውን የሪደርቫልዱ እንላቸዋለን።

የዚንድሊንገኑ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። በተማሪነት መጥቶ፣ ከቤቱ አጠገብ ባለው የኬሚካል ፋብሪካዎች ግቢ ላቦራቶሪ ውስጥ ጡረታ እስኪወጣ ሠርቷል። የሪደርቫልዱ አስመራ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረ፣ ዕድሜውን ፍሉግሃፈን በሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲጭንና ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። አገሮቻቸው ሲዋጉ እንኳ ሁለቱ ሰላምታ አላቋረጡም። ስለ ጦርነቱ ግን አንድም ቀን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። እኔ በዚሁ ከተማ ትራም ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ የሁለቱም ጓደኛ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ የጀርመኖች ቤተ ክርስቲያን በሚያውሰን ክፍል ጥቂት ጡረተኞች ተሰብስበን መጽሐፍ ቅዱስ እናነባለን። አስተማሪ የለንም፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያቋርጠዋል። ያን ጊዜ መጽሐፈ ዕዝራ ላይ ነበርን። ዕዝራ ከባቢሎን ተመላሾቹን ይዞ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ሕዝቡን ቢያይ ከሌዋውያን አንድም ሰው አጣ። ስለዚህ ሄደው የሚያመጡለትን ሰዎች መርጦ ላከ። የተላኩት ሲጠሩ ኤልናታን የሚል ስም አለ። ጥቂት ስም አልፎ እንደገና ኤልናታን። መጨረሻ ላይ አሁንም ኤልናታን። ሦስቱም በአንዲት ቁጥር ውስጥ።

«ያነበብከውን ነው እንዴ መልሰህ የምታነበው?» አለ የሪደርቫልዱ።

«የተጻፈውን ነው» አልኩት፤ አንባቢው እኔ ነበርኩ።

መነጽሩን አውጥቶ መጽሐፉን ወደ ራሱ ሳበው። «የጸሐፊው ዓይን አዳልጦት ነው» አለ። «እኛ ሥራ ቦታ የሻንጣ ምልክት አንዳንዴ ሁለቴ ይታተም ነበር። ምልክቱ ሁለት፣ ሻንጣው አንድ።»

«ሦስት ሰዎች ናቸው» አለ የዚንድሊንገኑ። «ዕዝራ ፊቱ ቆመው እያያቸው ነው የላካቸው፤ ለሱ አልተምታቱበትም። የአባታቸው ስም ስላልተጻፈ ነው ለኛ የተምታቱብን። እኔ ስማር በክፍላችን እኔን ጨምሮ ሦስት ሞክሼዎች ነበርን። አስተማሪው የአባት ስም ባይጨምርበት አንዱ ሲጠራ ሁላችንም እንነሳ ነበር።»

«እሺ፣ ሦስተኛው ምን ሠራ? ወዴት ደረሰ?»

«አልተጻፈም። አልተጻፈም ማለት ግን አልነበረም ማለት አይደለም።»

ከዚያ የዚንድሊንገኑ ሌላ ኤልናታን ከትንቢተ ኤርምያስ አመጣ፤ የዓክቦርን ልጅ። ንጉሡ ሲልከው ወደ ግብፅ የሸሸውን ነቢይ ሄዶ ያመጣል፤ ነቢዩም ይገደላል። በኋላ ደግሞ ንጉሡ የኤርምያስን ቃል የያዘውን ክርታስ ሊያቃጥል ሲል እንዳያቃጥል ከለመኑት አንዱ ኤልናታን ነው። «ይህስ አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት?» ሲል ጠየቀን።

«እሱ አንድ ነው» አለ የሪደርቫልዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ሲላክ ይሄዳል። እምቢ ማለት የሚማረው ከሄደ በኋላ ነው።»

በዚህኛው ላይ የተከራከረው የለም። በሦስቱ ላይ ግን እስከ ትራም ፌርማታው ድረስ ሲሟገቱ ሄደው ተኮራርፈው ተለያዩ።

በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የምናውቃት ሴት ደወለችልኝ። የወዳጆቼን ስም ጠርታ «አርፏል አሉ» አለችኝ።

«የትኛው?»

«እኔ እንጃ። ሆስፒታል የምትሠራ ልጅ ነች የተናገረችው። የሰማሁት ስሙን ብቻ ነው።»

የሪደርቫልዱ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ተዘግቷል። የዚንድሊንገኑ ጋ ደወልኩ፤ መስመሩ ተይዟል። ደጋግሜ ስሞክር በመጨረሻ ሚስቱ አነሳች። «እሱስ እዚህ አለ» አለችኝ። «ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ እየደወለ መኖሩን ይጠይቀኛል።» እሱ ካለ፣ የሞተው ሌላኛው ነው። ስልኩን ባሏ ተቀበላትና «ዋናው ባቡር ጣቢያ ጠብቀኝ» ብሎኝ ዘጋው።

ጥቁር ሱፉን ለብሶ ከከተማው ባቡር፣ ከኤስ-ባን፣ ወረደ። ወደ ሪደርቫልድ ስንሄድ በመንገዱ ሁሉ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «በኤልናታን ተኳርፈን ነው የተለያየነው።»

ስንደርስ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ አንዷ ድምፅ አውጥታ ታለቅሳለች። ጀርመን ጎረቤቶች በመስኮት ያያሉ። ደወሉን ስንደውል የሚከፍት ጠፋ። ገና ምን እንደምናደርግ ሳንወስን የሪደርቫልዱ በመንገዱ ጫፍ ብቅ አለ። የጎማ ቦቲ ተጫምቶ ብስክሌቱን ይገፋል፤ ቅርጫቱ ውስጥ ከከተማው የተከራያት ትንሽ የአትክልት ቦታ የነቀለው ባሮ ሽንኩርትና ድንች አለ።

«ምነው?» አለ ሰዉን እያየ። «ማን ሞተ?»

የዚንድሊንገኑ «አንተ» አለው።

የሪደርቫልዱ ጭቃ የነካ ቦቲውን ቁልቁል አየ። «እኔ አልሰማሁም» አለ።

የዚንድሊንገኑ የሞክሼውን ኮት በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ። «ስልክህን ለምን ትዘጋለህ?»

«ስቆፍር ይወድቅብኛል።»

የምታለቅሰዋ ሴት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሁላችንም። የሪደርቫልዱ በሩን ከፍቶ ለቀስተኛውን ሁሉ አስገባ። ለለቅሶ ይዘን የመጣነውን ዳቦና ሻይ በላንለት፣ ጠጣንለት፤ ድንቹንም ቀቀልነው። እሱ ከሳሎን ወጥ ቤት እየተመላለሰ «ዛሬ ካልበላችሁ መቼ ልትበሉ ነው?» ይለናል። ሻይ ለኔ ሲቀዳልኝ ድንገት ማንቆርቆሪያውን ቀና አድርጎ ያዘው።

«ታዲያ የሞተው ማን ነው?» አለ።

ሆስፒታል ያለችው ልጅ ስም አልፈጠረችም። በዚህ ከተማ በእነሱ ስም የሚጠራ አንድ ሰው ሞቶ ነበር፤ የአባቱን ስም እንኳ ማናችንም አልጠየቅንለትም።

ሰኞ ጠዋት ሦስታችን ሆስፒታሉ ሄድን። እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ጋ ያለችው ሴት «ዘመድ ናችሁ?» አለችን።

«ሞክሼ ነን» አለ የሪደርቫልዱ በአማርኛ፤ ጀርመንኛው አልመጣለትም። ናመንስፌተር ብዬ ተረጎምኩለት። ጀርመኖች ሞክሼን እንዲህ ነው የሚሉት፤ በስም የአጎት ልጅ እንደ ማለት ነው። ሴትዮዋ ፈገግ አለች። «ቃሉ ዘመድ ይላል፤ ሕጉ ግን አይልም» ብላ ጉዳዩን ወደያዘው የከተማው ቢሮ መራችን።

እዚያም ቴርሚን የሚሉትን ቀጠሮ ይዘን ሄድን። የቢሮው ሠራተኛ በደንብ አስረዳን። ቀባሪ ዘመድ ካልተገኘ ከተማው ራሱ ያስቀብራል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ አስከሬኑ ተቃጥሎ ነው። እንደ ሃይማኖቱ እንቀብረዋለን የሚል ካለ ለዚያ ሰው ይሰጣል።

«እኛ እንቀብረዋለን» አለ የዚንድሊንገኑ፤ እኛን ዞሮ እንኳ አላየንም።

ሠራተኛው ለሟቹ ሐኪም ወደ ጠሩት ጎረቤት ደውሎ አስፈቅዶ ከእሳቸው ጋር አገናኘን። ሟቹ ሆክስት ነበር የሚኖረው፤ ከዚንድሊንገኑ ሞክሼው ቤት በኤስ-ባን ጥቂት ደቂቃ። ጎረቤቱ አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት ናቸው። ወጥ ቤታቸው አስገብተው ቡና አፈሉልንና ስለሱ ነገሩን። በፍሉግሃፈን ጽዳት ይሠራ ነበር። የውሃ ሳጥናቸውን ፎቅ ድረስ ያወጣላቸው ነበር። በበጋ በረንዳው ላይ ቲማቲም ያበቅላል፤ መጀመሪያ የበሰለውን ለእሳቸው ያመጣል። በእመቤታችን ሥዕል ፊት ሻማ ያበራል።

«ከአገሩ ሰዎች ጋር ለምን አይገናኝም ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እሱን እኔም ጠይቄው ነበር» አሉ። «ሲገናኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ከማን ወገን ነህ ብለው ነው አለኝ።»

ተርጉሜ ስጨርስ ሁለቱ ሞክሼዎች አልተያዩም። ወይዘሮዋ በስልካቸው ፎቶውን አሳዩን፤ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ የሚስቅ ሰው ነው። የሪደርቫልዱ አተኩሮ አየው። «ስንት ዓመት አንድ ቦታ ሠርተናል» አለ። «አላውቀውም።»

አንድ ነገር ቀረን። የቤተ ክርስቲያናችንን ቄስ አስቀድመን አነጋግረናቸው ነበር፤ «የክርስትና ስሙን አምጡልኝ» ብለውናል። «በዓለም ስሙማ ብጸልይ እናንተም አላችሁበት።» ወይዘሮዋ ደግሞ ደሴ ያለች ታላቅ እህቱን ስልክ ቁጥር ይዘዋል፤ ብታመም ብሎ የሰጣቸው ነው። ደውለው ነበር፤ ቋንቋ ስላልተግባቡ ሁለቱም «ሃሎ፣ ሃሎ» ተባብለው ዘግተዋል።

የሪደርቫልዱ ደወለ። ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ማን ልበል?» አሉ እህትየው።

እሱም እንደ ልማዱ ስሙን ተናገረ።

«ወንድሜ» አሉ እህትየው። «ምነው ጠፋህ? ድምፅህስ ምን ሆነ?»

የዚንድሊንገኑ የሞክሼውን ክንድ ያዘ። ወይዘሮዋ ቃሉ ባይገባቸውም አንገታቸውን ደፉ።

«እትዬ፣ እኔ እሱ አይደለሁም» አለ የሪደርቫልዱ። «ሞክሼው ነኝ።»

«ሞክሼው? ጓደኛ አለው ለካ። እኔን እኮ ማንም የለኝም ይለኛል።» ድምፃቸው የደስታ ነበር። «እሱ ደህና ነው?»

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ያውም ብቻውን ላለ ሰው። «ትንሽ አሞታል» አለ። «አጠገብዎ ማን አለ?»

«ልጄ አለ።»

«እስቲ ያቅርቡልኝ።»

ልጁ ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ፤ የዶሮ ድምፅ ይሰማን ነበር። የሪደርቫልዱ እውነቱን ቀስ ብሎ ነገረው። ልጁ ብዙ አልተናገረም፤ «ሽማግሌ ጠርቼ ጠዋት እናረዳታለን» አለ። በማግሥቱ ደውሎ የአጎቱን የክርስትና ስም ነገረን። የዚንድሊንገኑ ስሙን እንዳይረሳው ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በአፉ ሲደግመው ሄደ።

የቀብሩ ቀን ሪደርቫልድ ድረስ ለተሳሳተው ለቅሶ የመጡት ሁሉ መጡ፤ ያልመጡትም መጡ። ያቺ ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው ሴት አሁንም አለቀሰች፤ አይታው ለማታውቀው ሰው። ወይዘሮዋ ከበረንዳው የቀሩትን ቲማቲሞች በትንሽ ቅርጫት ይዘው ቆመዋል፤ ለማን እንደሚሰጧቸው ግን አላወቁም። ቄሱ በክርስትና ስሙ ጸለዩለት። የእንጨት መስቀሉ ሲተከል የሪደርቫልዱ ፊቱ ቆሞ የራሱን ስም አነበበ፤ ቀጥሎም የሌላ ሰው አባት ስም። ሞክሼው መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«አስፈራህ?» አለው።

«አይ» አለ የሪደርቫልዱ። «አሳፈረኝ። የምናውቀው ሰው መሆን ነበረበት።»

በአርባው እህትየውን በቪዲዮ አገናኘናቸው። ማቅ ለብሰዋል። ሁለቱን በየተራ አዩአቸው። ማን ማን እንደሆነ እስኪለዩ ጥቂት ቆዩና የሪደርቫልዱን «አንተ ከስተሃል፣ ማነው የሚያበላህ?» ብለው ተቆጡት። ብቻውን እንደሚኖር ሲነግራቸው የዚንድሊንገኑን «አንተስ እያየኸው ነው?» አሉት። ከዚያ ወዲህ የሪደርቫልዱ እሑድ እሑድ ምሳውን ዚንድሊንገን ይበላል። ከቀረ ሞክሼው ለደሴ እደውላለሁ ይለዋል።

ወይዘሮዋ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ጉልበታቸውም ደክሟል። የዚንድሊንገኑ የውሃ ሳጥኑን ላውጣ ብሎ አንድ ቀን ሞክሮ ሳምንት ወገቡን ይዞ ተኛ። አሁን የምታወጣላቸው ሴት ልጁ ናት። ሆክስት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ አባቷ በአማርኛ ሲያናግራት በጀርመንኛ ነው የምትመልሰው፤ እሱም ሁልጊዜ ቅር ይለዋል። ከወይዘሮዋ ጋር ግን ያው ጀርመንኛዋ ጠቅሟታል። ለሳጥኑ ወጥታ ወጥ ቤት ተቀምጣ ትቆያለች፤ ወይዘሮዋ ሟቹን ምን ያስቀው እንደነበር፣ ደረጃ ሲወጣ ምን ያንጎራጉር እንደነበር ይነግሯታል። ቤቷ ስትመለስ ለአባቷ ታወራለታለች። አንዳንዱን ደግሞ እሱ ራሱ ጠይቂልኝ ይላታል፤ ባለፈው ሳምንት ያንጎራጉር የነበረው ምን ዓይነት ዜማ እንደሆነ እንድትጠይቅለት ልኳታል።