ችሎት ፊት የሳቅሁት ሳቅ

በቴሌቪዥን የምትታይ አንዲት የጠበቆች ድራማ አለች፤ ግማሿ ሳቅ፣ ግማሿ ጭንቅ። እሷ ስትጀምር ቤታችን ጸጥ ይላል። ጠበቃው ብድግ ሲል ልጆቼ ገና አፉን ሳይከፍት ይንከተከታሉ። እኔም እወዳታለሁ፣ አልክድም። ግን ዓይኔ የሚሄደው የሚሳቅበት ሰውዬ ላይ ነው፤ ካሜራው ደግሞ እሱን ቶሎ ያልፈዋል። ልጄ «እማዬ፣ ምነው ኮስተር አልሽ?» ትለኛለች። እስከ ዛሬ አልነገርኋትም።

የዚህ ነገር ሱስ የያዘኝ ቴሌቪዥን የሚባል ሳላይ ነው። በጃንሆይ ዘመን፣ ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለሁ፣ ክርክር መስማት ለእኛ ትልቅ መዝናኛ ነበር። ጉዳይ ያለውም የሌለውም ችሎት ይሄዳል። ከገበያ የተመለሰ ሰው ገና ሳይቀመጥ «ዛሬ ማን ረታ?» ተብሎ ይጠየቃል። እኔም ከትምህርት ቤት በተለቀቅሁ ቁጥር ከፍርድ ቤቱ መስኮት ሥር አልጠፋም። የሰማሁትን ቤት ገብቼ፣ ድምፄን እያጎረነንሁ፣ ለእናቴ እደግምላታለሁ። እሷ ፈገግ ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ነገር የማትወድ፣ ሰው ፊት ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ነበረች።

ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ተራው የእኛ ሆነ። አባቴ ሞተ። ከደምበጫ ወዲህ፣ ስሟን በማልጠራት ትንሽ ከተማ አጠገብ የነበረውን ርስቱን ታላቅ ወንድሙ ያዘው። «ወንድሜ ሊሞት ሲል ለእኔ ተናዞልኛል» አለ። ኑዛዜውን ሰምተዋል ያላቸው የንስሐ አባት ደግሞ አባቴን ተከትለው ወር ሳይሞላ ዐርፈዋል። እናቴና እኔ የምንበላው ከዚያ መሬት ነበር። መሬቱ ከሄደ እኔ ትምህርቴን እተዋለሁ፣ እናቴ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ሌላ መንገድ አልነበረንም።

እናቴ መናገር ስለማይሆንላት ነገረ ፈጅ ያዝን፤ ስለ ሰው ቆሞ የሚሟገት ማለት ነው። የመረጥሁት እኔ ነኝ። ከመስኮቱ ሥር ስንቴ ያሳቀኝ ሰው! ነጠላውን አደግድጎ ይቆማል፤ ከመናገሩ በፊት ሰው ሁሉ እስኪቁነጠነጥ ዝም ይላል። እሱን ካገኘን መሬቱን እንዳገኘን ቆጠርሁት።

የቀጠሮው ዕለት የገበያ ቀን ስለነበረ ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሁለት ሽማግሌዎች አባቴ አንደበቱ እስኪያዝ ድረስ «መሬቴ ለሚስቴና ለልጄ» ይል እንደነበር መሰከሩልን። ዳኛው ብዕራቸውን አነሡ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ረትተን ነበር።

አጎቴ ተነሣ። አጎቴ ተብታባ ነው።

«እኔ... እኔ የም... የምለው...» ብሎ ጀመረ። ነገረ ፈጁ አላስጨረሰውም።

«ጌታዬ፣ ሟች ሦስት ቀን ሙሉ አንደበቱ ተይዞ፣ ለሚስቱ ውሃ ስጭኝ ማለት አቅቶት በእጁ ነበር የሚያሳይ። ለወንድሙ ጊዜ ግን አፉ ተፈታና ከወንዙ እስከ ሾላው፣ ከሾላው እስከ መንገዱ ብሎ ወሰኑን አንድ በአንድ ቆጠረለት! መሬት ሲሰጡ የሚለቅ በሽታ፣ እንዴት ያለ ደግ በሽታ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዳኛው እንኳ ከንፈራቸውን ነከሱ። አጎቴ እንደገና «እኔ... እኔ...» ሲል ነገረ ፈጁ አንገቱን ሰበር፣ ዓይኑን ጭፍን አድርጎ «እ... እ... እኔ» እያለ ተንተባተበበት። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ከሁሉም የባስሁ ነበርሁ፤ እንባዬ ወረደ። አጎቴ ሊል ያሰበውን ሳይል ተቀመጠ።

ነገረ ፈጁን ሳቁ አሰከረው። እጁን ወደ ጣራው አንሥቶ «ኧረ ምስክርም ይቅርብን!» አለ። «ራሱ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ ይማል። ከማለ መሬቱን እንለቅለታለን!»

«እሰይ!» አለ ሕዝቡ። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በሐሰት የሚምል ሰው ይኖራል ብሎ የሚያስብ በአገራችን አልነበረም። ምሎ ዓመት ሳይሞላው ስለተቀሠፈ ሰው የማይወራበት ቤት የለም። ዳኛው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ወደ እናቴ ዞሩ።

«ስሚ፣ ምስክር አለሽ እኮ። መሐላ ከሰጠሽው ምስክርሽ ይቀራል፤ ከማለም መሬቱ የእሱ ነው። ትስማሚያለሽ?»

እናቴ አንገቷን መልሳ እኔን ፈለገች። እኔ እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግሁ ገና እስቃለሁ። ጥቂት አየችኝ።

«እስማማለሁ ጌታዬ» አለች። ጸሐፊው ጻፈው።

እስከ መሐላው ቀን ስምንት ቀን ነበር። ነገረ ፈጁ ቤታችን መጥቶ ክርክሩን ከመጀመሪያው ተረከልን፤ መንተባተቡንም ደገመው። አሁን አላሳቀኝም። ጎረቤት ሁሉ «አይምልም፣ አይደፍርም» ይለናል። እናቴ እህል ከአፏ አልገባም። እኔ ደብተሬን እከፍታለሁ፣ አንድ መስመር ሳላነብ እዘጋለሁ። ፈርቼ ነበር፤ ማንን እንደምወቅስ ግን ገና አላወቅሁም።

በቀኑ ከቅዳሴ በኋላ በዚያች ትንሽ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆምን። አጎቴ ነጭ ለብሶ፣ ጫማውን አውልቆ መጣ። ቄሱ መስቀሉን አስይዘው ቃሉን እየቆራረጡ አስደገሙት።

«ወንድሜ...»

«ወንድሜ» አለ አጎቴ፣ ጥርት አድርጎ።

«መሬቱን ለእኔ ተናዟል...»

«መሬቱን ለ... ለ...»

ቆመ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። የሚስቅ ሰው አልነበረም። እናቴ ክንዴን ጨመደደችው። እግዜር ያዘው አልሁ በልቤ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ቄሱ ዝቅ ባለ ድምፅ «ተው ልጄ፣ ይቅርብህ» አሉት።

«ለ... ለእኔ ተናዟል» አለ። «ሐ... ሐሰት ብናገር ዘሬ አይባረክ።»

አለቀ። ሐሰት ነበር፤ ያኔም አልተጠራጠርሁም፣ ዛሬም አልጠራጠርም። ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተበተነ። ነገረ ፈጁን ብፈልገው የለም።

አጎቴ በአጠገባችን ሲያልፍ እኔ ፊት ቆመ።

«የ... የዚያን ዕለት ለእርቅ ነበር የመጣሁ» አለኝ። «ግ... ግማሽ ለግማሽ እንካፈል ልል ነበር። እ... እኔ የምለው ስል ሳቃችሁ። ያ... ያንቺን ሳቅ ለይቼ ሰማሁት፣ የወንድሜ ልጅ።»

ነጠላውን ተከናንቦ ሄደ።

ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ስንመለስ መንገዱ በመሬታችን ዳር ያልፋል። ጤፉ ለአጨዳ ደርሶ ነበር። እናቴ ሾላው እስኪሰወር በመስኮቱ አየችውና ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም። የግርታ ብቻ ነበር ፊቷ።

«እኔ እኮ» አለች፣ «አንቺ ስትስቂ አይቼ ነው እሺ ያልሁ።»